ማደንዘዣው ሳይለቅ

ቀኑ መሸ፤ ልዑልሰገድ ግን ምንም አይሰማውም። የጥርስ ሕክምና ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ወራት የቀሩት ይህ ወጣት፣ በተማሪዎች መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የጨለመውን መስኮት እያየ፣ ማልቀስም መቆጣትም አቅቶት ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ወይዘሮ ዘርትሁን የተባሉ ቆሎ ሻጭ የግራ የታች መንጋጋቸው ታሞባቸው እርሱ ወደሚለማመድበት ክሊኒክ መጡ። እርሱም ፊት ለፊታቸው ቆሞ የራሱን ግራ የእርሳቸው ግራ አድርጎ ቆጠረና በቀኝ በኩል ያለውን ደህናውን ነቀለው። ስህተቱ ሲገባው ደግሞ የታመመውን ጨመረበት። ሴትዮዋ በሁለቱም በኩል ማኘኪያ አጥተው፣ ጥጥ ነክሰው፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር" ብለው ሄዱ።

ተቆጣጣሪው ዶክተር ማንያዘዋል ያን ጊዜ የት ነበሩ? እንደ ልማዳቸው ኮሪደሩ ላይ ስልክ ይዘው። ከበሩ ላይ "ጎበዝ፣ ጨርስ!" ማለትና የሕመምተኛውን አፍ ሳያዩ ሥራውን ማጽደቅ የክሊኒኩ ወግ ከሆነ ሰነባብቷል። ለአንድ መምህር ይህን ሁሉ የሕመምተኛ ወንበር ሲሰጡት ምን ያድርግ ይባላል፤ እንዲህ እየተባለ ስንት ጥርስ ረገፈ። አመሻሹ ላይ ልጁን ጠርተው፣ "ነገ ቁስሉን ልታይላቸው ሲመጡ፣ ሁለቱም የበሰበሱ ነበሩ በላቸው። የተነቀለ ጥርስ አይመሰክርም፤ አንተ ግን ምርቃትህን ታጣለህ" አሉት። "እሺ" አለ። እሺ ማለቱ አልከበደውም። አለመክበዱ ሊያስፈራው ይገባ ነበር፤ አላስፈራውም።

እንዲህ እንደ ደነዘዘ እንቅልፍ ጣለው። እነሆም በራእይ ከአንድ ሰፊ ቤት ደጃፍ ቆሞ ራሱን አገኘው። አጠገቡም ንጹሕ ጋቢ የለበሱ፣ አንድም ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ ቆመዋል።

"አባቴ፣ እርስዎ ማን ነዎት?"

"ስሜን ተወው። ጥርሶቼን ተራ በተራ ያስረከብኩት ለእናንተ ለተማሪዎች ነው፤ ታዲያ ለዚህ ቤት ከእኔ የተሻለ መሪ ከየት ይመጣል?" ብለው በባዶ ድዳቸው ሳቁ። "ግባ።"

ቤቱ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው የሚገባ፣ ግድግዳው የነጣ፣ ወንበሮቹ እርስ በርስ በማይተያዩበት ሥርዓት የተደረደሩ፣ ሕሙማኑም በእርጋታ ወረፋቸውን የሚጠብቁበት ነበር። ቢጫ ጋውን የለበሱ ወጣቶች ጎንበስ ብለው ይሠራሉ፤ ሰማያዊ የለበሱ ጎልማሶች በመካከላቸው ይመላለሳሉ። ልዑልሰገድ ይህን ሁሉ አየ፤ ደስ አላለውም፤ አልቀናምም።

"ቢጫ የለበሱት እነማን ናቸው?"

"ተለማማጆች። ሕመምተኛው ገና ሳይቀመጥ፣ 'ተማሪ ነኝ፤ መምህሬ እኚያ ናቸው፤ ይፈቅዱልኛል?' ይሉታል። አልፈቅድም ያለ ወረፋው ሳይነካ ወደ ሐኪም ይሄዳል።"

"ሰማያዊ የለበሱት መምህራንስ ለምን አይቀመጡም?"

"መቀመጫ አልተሠራላቸውማ! አንዱ መምህር ዓይኑ ሊደርስ ከሚችለው በላይ ሕመምተኛ አይሰጠውም። የተረፈው ውጭ ይጠብቃል እንጂ ያለ መምህር ዓይን አይነካም።"

ከፊታቸው አንድ ገበሬ አፉን ከፍቶ፣ የታመመችውን ጥርስ በገዛ ጣቱ ነካ። ተለማማጁ የጥርሷን ስም፣ ግራ ወይም ቀኝ መሆኗንም ጮክ ብሎ ተናገረ። መምህሩ ጎንበስ ብሎ በዓይኑ አየና ልክ ነው ሲል ራሱን ነቀነቀ። መርፌው የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

"ይሄማ ቀላል ነው" አለ ልዑልሰገድ።

"ቀላል ነው። ለዚህ ነው የናቃችሁት።"

"አፉ የተያዘ ሰው ቢያመው፣ ወይም ተሳስታችኋል ሊል ቢፈልግስ?"

"እጁን ያነሣል። እጁ ከተነሣ የሁሉም እጅ ይቆማል፤ ለምን አነሣህ ተብሎ አይቆጡትም።"

"እንግዲህ እዚህ ስህተት የለም ማለት ነው?"

"ሰው እያለ?" አሉ ሽማግሌው። ወደ ጥጉ ወሰዱት። አንዲት ተለማማጅ የጥርስ መንቀያ ጉጠቷ አዳልጧት፣ የአንድ ሰውዬ ከታመመው ጎን ያለውን ጥርስ ሰብራለች። ፊቷ ነጥቷል። ጭንብሏን ዝቅ አድርጋ፣ "ደህናውን ጥርስዎን ሰበርኩት" አለችው። ሰውየው ጮኸባት፤ ስድብም አልቀረ። መምህሯ ከጎኗ ቆሞ፣ "እኔም አጠገቧ ቆሜ አላዳንኩትም" አለ።

"ምነው ትንሽ ቢቆዩ? አሁኑኑ ለምን?"

"ሕጉ እንዲህ ነው፤ ያጠፋ ማደንዘዣው ሳይለቅ ይናገር። ሕመሙ ከእውነቱ ቀድሞ ከደረሰ፣ ሰውየው ብቻውን ይታመማል።"

"አይቀጡም?"

"ይቀጣሉ እንጂ፤ መምህሩም አብሮ። ጥርሱን ቤቱ በራሱ ወጪ ይተካል። የደበቀ ግን ሁለተኛ ጉጠት አይጨብጥም።"

"የወይዘሮ ዘርትሁን ማደንዘዣ ግን ከለቀቀ ቆይቷል" አለ ልዑልሰገድ።

"ዘግይተሃል" አሉ ሽማግሌው፣ ሳይቆጡም ሳያባብሉም። "ዘግይቶም ይነገራል።"

ነቃ። ነግቷል። ክሊኒኩ ሲደርስ ወይዘሮ ዘርትሁን ቀድመው መጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ጉንጫቸው አብጧል። አጠገባቸው ተቀመጠና አንዱ ጥርስ ደህና እንደ ነበር፣ ግራና ቀኝ እንዳምታታ፣ መምህሩም እንዳላዩት ነገራቸው። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለው ነበር።

ሴትዮዋ መሬት መሬቱን አዩ። "ልነግርህ ነበር እኮ" አሉ። "'እሱ አይደለም' ልልህ ነበር። እጅህ አፌ ውስጥ ነበር። ኋላም ሐኪም ያውቃል ብዬ ተውኩት።"

"ይቅርታ፣ እትዬ ዘርትሁን።"

"ይቅርታህን አቆየው፤ ገና ንዴቴ አልወጣልኝም።"

"ለሌሎቹ ተማሪዎችም ልነግራቸው ነው። ስምዎን አልጠራም።"

"ለምን አትጠራም?" ቀና አሉ። "የጎደለው ከእኔ አፍ ነው። ስሜን ጥራ!"

ተማሪዎቹ ከሥራ በፊት በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ዶክተር ማንያዘዋል ፊት ለፊት ቆመው ነበር። ልዑልሰገድን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው፤ ተመለስ እንደ ማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተመለሰም። ከመካከል ቆመ።

"ወይዘሮ ዘርትሁን ይባላሉ" ብሎ ጀመረ።