ገመድ ቆራጯ

"መርፌውን ተይውና እኔን እዪኝ!" አሉ ኩልያሽ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጉ።

ማርጃን እግሯን ከስፌት መኪናዋ ፔዳል ላይ አላነሳችም። ሰማያዊው ከፈይ ከእጇ ስር እየተንሸራተተ ነበር፤ የካባው አንገት ላይ የወርቅ ጥለት እያዞረች ነበር።

"ይሄን ለአስር ሰዓት ማድረስ አለብኝ፣ እማማ። ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል።"

"በአስር ሰዓትማ አንቺ እዚህ የለሽም። አክቦታ ቤት ነሽ። የልጇን ገመድ የምትቆርጪው አንቺ ነሽ ብለው ወስነዋል።"

መርፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ማርጃን የስፌት መኪናዋን መብራት አጠፋችና አማቷን፣ የቀድሞ አማቷን፣ ቀና ብላ አየቻቸው። በካዛኮች ወግ ሕፃን ቆሞ መሄድ ሲጀምር እግሮቹ በጥቁርና በነጭ ገመድ ይታሰሩና አንድ የተመረጠ ሰው ይቆርጥለታል። የሚመረጠውም ሰው እንዲሁ አይመረጥም። ልጅ አካሄዱን የሚወርሰው ከቆራጩ ነው ስለሚባል፣ ትዳሩ የሰመረ፣ ቤቱ የሞላ ሰው ተፈልጎ ነው። ማርጃን ደግሞ ከኩልያሽ ልጅ ከበርዲበክ ጋር በፍርድ ቤት ከተፋታች ስምንት ወሯ ነው። ቤቷ ምን ያህል እንደሞላ ለማወቅ የሚፈልግ ሰኞ ጠዋት መምጣት ይችላል፤ የባንኩ ዕዳ አስፈጻሚም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፣ የስፌት መኪናዋን ሊወስድ።

"መፋታታችንን አልነገራችኋቸውም እንዴ እስካሁን?"

"ማን ይንገራቸው? እኔ ልንገራቸው? የአክቦታን አማት አታውቂያትም? ዝሊኻ አንድ ነገር ካገኘች ልጄን በየማዕዱ ታነሳባታለች።"

ነገሩ የተጀመረው ኩልያሽ የመጨረሻ ልጃቸውን አክቦታን ሲድሩ ነው። ያኔም ማርጃንና በርዲበክ ለየብቻ ማደር ከጀመሩ ሰንብተው ነበር። ግን የሙሽራዋ ታላቅ ወንድም ትዳሩ ፈረሰ ተብሎ በሠርግ ዋዜማ ለአማቾች ይነገራል? አይነገርም። ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ተሳሳቁ፣ አብረው ጨፈሩ። ድግሱም የሺምኬንት ድግስ ነው፤ አዳራሽ ይፈልጋል፣ ፈረስ ይታረዳል፣ ለአማቾች ለእያንዳንዳቸው ካባ ይደረብላቸዋል። የበርዲበክ ስም በየባንኩ ስለተበላሸ የብድሩን ውል የፈረመችው ማርጃን ነበረች። "ከሠርጉ በኋላ እኔ እከፍላለሁ" ብሎ ነበር። ከሠርጉ በኋላ የከፈለው ነገር ቢኖር የመኪናውን ጎማ ነው። ሲፋቱ ዳኛው ፊርማው የማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ የእሷ ነው። ያን ለመክፈል ሌላ ተበደረች፣ ሌላውን ለመክፈል ደግሞ ሌላ፣ ከዚያ እንቅልፍ ጠፋ።

ስልኳ ጮኸ። ጠበቃዋ ሳልታናት ነበረች፤ ድምጿ በትንሿ ክፍል ውስጥ ለኩልያሽም ይሰማል።

"የኪሳራ ማመልከቻሽ ተዘጋጅቷል። ላኪው ካልሽኝ እልከዋለሁ። ዛሬ አርብ ነው፤ ከአስራ ሁለት ሰዓት በፊት ከገባ ሰኞ የሚመጣው ሰው እጁ ይታሰራል። የስፌት መኪናዋን ንብረትሽ ውስጥ ጽፈናታል፤ መተዳደሪያዋ ናት ብለን እንከራከራለን።"

"ትተርፋለች?"

"እሱን አልምልልሽም። ሰኞ ከመጡ ግን እንደምትሄድ እምልልሻለሁ። ደግሞ አደራ፣ ከእንግዲህ አንድ ቴንጌ እንዳትበደሪ። አዲስ ብድር ካዩ ሆን ብላ ነው ብለው ማመልከቻውን ይጥሉብናል።"

ማርጃን ኩልያሽን በጎን አየት አደረገቻቸው። "ስሜስ?"

"ስምሽ ይወጣል። የከሰሩ ሰዎች ስም ማንም ሊያየው የሚችል ቦታ ይለጠፋል። ሕጉ ነው፣ ምን ላድርግልሽ?"

ስልኩ ሲዘጋ ኩልያሽ ጨርቅ የተከመረበት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ክፉ ሴት አይደሉም። ለልጅ ልጃቸው ለቶሚሪስ የፈረስ ሥጋ ቋሊማ ሳይዙ መጥተው አያውቁም፤ ዛሬም ከረጢቱ እጃቸው ላይ ነው። ፍቺው የተፈረመ ቀን ከልጃቸው ይልቅ ማርጃንን አቅፈው ያለቀሱ እሳቸው ናቸው።

"ስም ይለጠፋል" አሉ ቀስ ብለው። "የወንድምሽ ሚስት ለማኝ ወጣች ይሏታል ልጄን። ዝሊኻ እኮ ስልክ ላይ ነው የምትውለው!"

"መኪናዋ ከሄደች ቶሚሪስን በምን ላሳድጋት፣ እማማ?"

"በርዲበክ እሁድ ሁሉንም እከፍላለሁ ብሏል። በእኔ ፊት ነው ያለው። ዛሬን ብቻ ምራቴ ሁኚልኝ። እሁድን ጠብቂው። ከዚያ ያሻሽን አድርጊ፤ እኔም አፌን አልከፍትም።"

ማርጃን እምቢ ልትል አስባ ነበር። ግን አሮጊቷ የቶሚሪስን ከረጢት ገና ከእጃቸው አለማስቀመጣቸውን አየችና አዘነችላቸው። ለሳልታናት "እስክደውልልሽ ጠብቂኝ" ብላ ላከችላት። ለካባው ባለቤት ደውላ ነገ እንዲመጣ ለመነችው፤ ደህና አድርጎ ሰደባት።

በርዲበክ የዝሊኻ ግቢ በር ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነበር። አዲስ ጃኬት ለብሷል፤ ሽቶው ከሰውየው ቀድሞ ይደርሳል።

"አምረሻል" አላት።

"እሁድ ትከፍላለህ?"

"እሁድ... አዎ፣ እሱን አሁን ተይው። ለሕፃኗ የሚሰጥ ገንዘብ ይዘሻል?"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን? ዛሬ ባልና ሚስት ነን። ባዶ እጃችንን ገብተን እናቴን ልናዋርዳት ነው?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስልክሽ ላይ ያቺን አረንጓዴ የብድር ምልክት ተጫኚ። ያለፈ ዕዳ አይጠይቁም፤ ሻይ ሳይፈላ ይገባልሻል። እሁድ ከዚያኛው ጋር ጨምሬ እሰጥሻለሁ። በቶሚሪስ እምልልሻለሁ።"

"በልጄ አትማል!"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

ሰው እያየ ነበር፤ የአክቦታ ባል ከሩቅ እጁን አወዛወዘላቸው፤ በርዲበክም ፈገግ ብሎ ክንዷን ያዘ። ማርጃን ስልኳን አወጣች። የአበዳሪው ምስል እንደ ሁልጊዜው ጥርሱን እያሳየ ይጠብቃታል፤ ተፈቅዶልዎታል፣ ይላል፣ ይጫኑ። አንዴ ከተጫነችው ማመልከቻው ገደል ገባ፣ ሰኞ መኪናዋ ሄደች። ካልተጫነች ደግሞ እኚያ የዋህ አሮጊት በአማቾቻቸው ፊት አንገታቸውን ሊደፉ ነው። አውራ ጣቷ አረንጓዴው ላይ ተንጠለጠለ። በልቧ በርዲበክን ሳይሆን ራሷን ትረግማለች።

"እትዬ ማርጃን!" አክቦታ ከደጃፉ ተጣራች። "አይሱሉ ገመዷን ይዛ ልትሮጥብን ነው፣ ነይ እንጂ!"

ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከተተችና ክንዷን ከበርዲበክ እጅ አላቀቀች።

ሳሎኑ በሰው ጢም ብሏል። ወለሉ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ አይሱሉ መሃል ላይ ቆማለች፤ እናቷ በብብቷ ይዛታለች፣ ጥቁርና ነጩ ገመድ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ታስሯል። ስልኮች ሁሉ ለመቅረጽ ተደግነዋል። ዝሊኻ፣ ሰፊ ትከሻና የወርቅ ጥርስ ያላቸው ሴት፣ መቀሱን ለማርጃን አቀበሏት።

"በይ ልጄ፣ የአንቺን አካሄድ ትውረስ!"

ማርጃን ተንበረከከች። መቀስ ስትይዝ ያደገች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ክር ዓይኗን ጨፍናም ትቆርጣለች። ሕፃኗ ወደ ታች እያየቻት ሳቀች፤ ታች ሁለት ጥርስ ብቻ አላት። የእኔን አካሄድ፣ አለች ማርጃን በልቧ። ፈርሞ ለሰው መክፈልን፣ ከተፋቱት ሰው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዞ መሳቅን።

መቀሱን ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው።

"እማማ ዝሊኻ፣ እኔ አልቆርጥም። ሌላ ሰው ፈልጉላት። እኔና በርዲበክ ተፋተናል።"

ኩልያሽ ወደፊት ተራመዱ። "ደክሟት ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም..."

"አንቺ ደግሞ፣ ኩልያሽ!" ዝሊኻ የወርቅ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። "ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሳምሳ የምትሸጠው የእህቴ ልጅ መሆኗን ረሳሽው? እነዚህ ልጆች ከውስጥ ወጥተው በየፊናቸው ሲሄዱ፣ ይሄ ጀግናሽ ከእሷ ሁለት ሳምሳ ገዝቶ በልቷል። ማታውኑ ነው የሰማነው።"

በርዲበክ ጃኬቱን ማየት ጀመረ።

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?" አሉ ኩልያሽ።

"እንዳታፍሪ ነዋ! አንቺ እኔን ፈርተሽ ትደብቂያለሽ፣ እኔ ለአንቺ አዝኜ እደብቃለሁ። በይ ማርጃን፣ ቁረጪ። የመረጥኩት ባልሽን አይደለም፣ አንቺን ነው። ዕዳውን ብቻሽን እንደምትከፍዪ ሰምቼ፣ የፈረመችውን የምትከፍል ሴት ብዬ ነው።"

እዚህ ላይ ዝም ብላ ብትቆርጥ ማንም አይጠይቃትም ነበር። ኩልያሽም በዓይናቸው እሱን እየለመኗት ነበር። ማርጃን ግን አንዴ ከጀመረች በኋላ መመለስ አቃታት።

"እሱንም አልቻልኩም" አለች። "ዛሬ ኪሳራ ላውጅ ነው። ስሜ ይለጠፋል፣ ታዩታላችሁ። ከሰው ከምትሰሙት ከእኔ ስሙት።"

ይሄን ሳምሳ ሻጯም አልነገረቻቸውም። የዝሊኻ ሳቅ ፊታቸው ላይ ደረቀ። ከወደ ኋላ አንዲት ሴት "ይቺ ናት እንግዲህ አካሄዷን ለልጅ የሚያስወርሷት?" ስትል ተሰማ። አክቦታ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገቻት፤ ማርጃን ያንን አየች።

"ብድሩ ለምን ነበር?" አሉ ዝሊኻ።

ማርጃን አክቦታን ላለማየት መሬት መሬቱን አየች። "ለሠርጉ።"

"ለዚህ? ለእነዚህ ሠርግ?"

"አዎ።"

ዝሊኻ እዚያው ጨርቁ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። "ኩልያሽ፣ ይሄን ያህል አዳራሽ ማን ያዙ አላችሁ? እናንተ ትልቁን አዳራሽ ያዛችሁ ሲሉን እኛ የባሰ ትልቅ ያዝን። ባሌ ጡረታውን አስይዞ ተበድሮ እስከ ዛሬ እየከፈለ ነው።"

"እኛማ የእናንተን ሰምተን ነው" አሉ ኩልያሽ። እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር፤ ግን ሳቅም ተቀላቀለው።

ከኋላ ያቺው ሴት እንደገና አጉረመረመች። ዝሊኻ ዘወር ብለው "አንቺ ዝም በይ! ያ ባለ ሁለት በር ፍሪጅሽ የማን ነው፣ የባንኩ አይደለም?" ሲሏት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። መቀሱን አንስተው እንደገና ማርጃን እጅ ላይ አኖሩት፤ ያኔ አክቦታ ሕፃኗን ቀስ ብላ ወደ ጨርቁ መለሰቻት።

"ቁረጪላት፣ እትዬ" አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

ማርጃን ቆረጠች። አይሱሉ ጥቂት እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደች፣ በቂጧ ተቀመጠች፣ ተነሳችና የቀረበውን ጣፋጭ ሁሉ አልፋ ወደ አያቷ ጫማ ሮጠች። እልልታው ቀለጠ።

ገመድ ለቆረጠ ሰው ካባ ይደረብለታል። ዝሊኻ ከቁም ሣጥን አንድ ቀይ ከፈይ አወጡና በትከሻዋ ላይ ጣሉት። እነዚህን ካባዎች ማንም ለብሷቸው መንገድ አይወጣም፤ ከአንዱ ድግስ ወደ ሌላው በየቤቱ ቁም ሣጥን ሲዞሩ ይኖራሉ። ማርጃን ብብቱ ስር እጇን አስገብታ ገበሩን ዳሰሰችው። ቀይ ክር አልቆባት በቡናማ የቀጠለችበት ቦታ እዚያው ነበር። ለአክቦታ ሠርግ ከሰፋቻቸው ካባዎች አንዱ ነው፤ ከፈዩ የተገዛው በዚያው ብድር ነው።

ወደ ግቢው ወጣች። በርዲበክ ተከተላት።

"ታዲያ የሕፃኗ ገንዘብስ?" አለ።

ጀርባዋን ሰጥታው ሳልታናት ጋ ደወለች።

"ንብረቴ ላይ አንድ ነገር ጨምሪልኝ።"

"የት ነበርሽ አንቺ? ልወጣ ነው እኮ! ምን ልጨምር?"

"ካባ። ቀይ ከፈይ ነው። ማንም ለብሶት አያውቅም።"

"ስጦታ ነው?"

"አይደለም። ገና ከፍዬ አልጨረስኩትም።"

ከወዲያ የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ ተሰማ። "ጻፍኩት። ልላከው?"

"ላኪው።"

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ የካባውን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፈችና እንደለበሰችው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች።