ለመስታወቱ ሣጥን የተመረጠው ሰይፍ

ልጆቼ፣ በሰይፍ ወዳጆች ማኅበራችን ከሰይፉ በፊት የሚታየው የሊቀመንበሩ ፊት ነው። እኔም ሠላሳ ዓመት አባል ሆኜ ያጠናሁት እሱን ነው።

ሊቀመንበራችን ጋሽ ሙናካታ ከቅድመ አያታቸው የወረሱት ሰይፍ አላቸው። ስለ እጀታው የሐር ጥምጥም፣ በእጅ መከለያው ላይ ስለሚበሩት የወርቅ ዝይዎች፣ ስለ ጥቁሩ ሰገባ ሲያወሩ ሻያችን ይቀዘቅዛል። ስለቱን ዘይት የሚቀቡት ግን ባለቤታቸው ናቸው። የከተማችን ሙዚየም ከአባላቱ ሰይፎች አንዱን መርጠን ለአዲሱ የመስታወት ሣጥን እንድንሰጥ ሲጠይቀን፣ ጋሽ ሙናካታ እንቅልፍ አጡ። ስማቸው እዚያ ሳይጻፍ መሞትን ይፈሩ ነበር።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰይፍ ሲወለውሉ የኖሩት ወይዘሮ ኢሶጋይ ዳኛ ሆኑልን። አስቀድመን የላክንላቸውን አምስት ሰይፎች ጌጣቸውን፣ እጀታና ሰገባውን ሳይቀር፣ አውልቀው፣ የሠሪው ስም የተቀረጸበትን የእጀታ በኩል ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለው አቀረቡ። ደንባችን ይታወቃል፤ እጅ ነስተህ ታነሳለህ፣ ምራቅህ ስለቱን እንዳይነካው አፍህን ትዘጋለህ፣ ፍርድህን በወረቀት ትጽፋለህ።

ጋሽ ሙናካታ ሁለተኛውን ሰይፍ መብራት ፊት አገላብጠው አገላብጠው የራሳቸውን ያገኙ መሰላቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሲያስቀምጡትም ግንባራቸው ምንጣፉን ነካ። ከአራተኛው ሲመለሱ ግን አጠገቤ ተቀምጠው ይሄማ የዓሣ መክተፊያ ቢላ ነው አሉኝ።

ሁለተኛውን እኔ በቅጡ እንኳ አላየሁትም። የጋሽ ሙናካታን ግንባር ግን በደንብ አይቼ ነበርና ሁለት ብዬ ጻፍኩ። አምስቱ ጓደኞቼም እንደዚያው።

ስምንቱ ወረቀት ሲቆጠር ሁለተኛው ሰባት፣ አራተኛው አንድ ድምፅ አገኘ። ወይዘሮ ኢሶጋይ መዝገባቸውን ገልጠው ሁለተኛው የጸጉር አስተካካዩ የኔዙ ነው አሉ። አራተኛው ደግሞ የሊቀመንበሩ።

ለአራተኛው ድምፅ የሰጠው ራሱ ኔዙ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔማ አውቄው ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ጸጉርዎን ልቆርጥ ቤትዎ ስመጣ እርስዎ ጌጡን ሲያሳዩኝ እኔ ስለቱን ነበር የማየው። የምላጭ ሰው ምን ያርግ?»

«እና አዘንክልኝ?»

«ኧረ የምን ማዘን። ቆንጆ ሰይፍ እኮ ነው፤ እርስዎ አላዩትም እንጂ።»

ጋሽ ሙናካታ ወደ ዳኛዋ ዞረው፣ «ለመሆኑ ያ ሣጥን ስፋቱ ስንት ነው?» አሉ።

እኛ ዘንድ ጌጡ ከስለቱ ሲለይ ቅርጹ እንዳይበላሽ በልኩ የተጠረበ የእንጨት ስለት ይገባበታል። እነሆ ዛሬ የኔዙ ሰይፍ ራቁቱን ተጋድሟል፤ ጎኑ ላይ የሙናካታ ቤተሰብ ሰገባና እጀታ እንጨቱን ታቅፎ ተቀምጧል። ሰዉ የሚጋፋው እንጨቱ ያለበት ጋ ነው። ጋሽ ሙናካታም በየእሑዱ እዚያ ቆመው ያስረዳሉ። ባለፈው አንዲት ሴትዮ ውስጡ ያለው ስለት እንዴት ነው ብትላቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሱስ ወደር የለውም» አሏት።