የቅሬው ክፍል

ፈርሂያ አሕመድኑር ጅዳ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ፣ መካነ ሰላም ላይ ስድስት ክፍል ያለው ግቢ ገዛች። በአንደኛው ራሷ ትኖራለች፤ አራቱን አከራይታለች። ስድስተኛውና ሰፊው ግን ምንም አያስገባም ነበር። የሰፈሩ ክርስቲያንና ሙስሊም ሙታናቸውን በጋራ የሚቀብሩበት ቅሬ፣ ድንኳኑን፣ አግዳሚዎቹንና ቃሬዛውን ያኖርበታል።

ሻጩ ክፍሉ የቅሬው መሆኑን በቃል ነግሯታል፤ በውሉ ግን አልተጻፈም። ፈርሂያ ውሉን ይዛ፣ ቅሬው ክፍሉን እንዲለቅላት ጠየቀች። ክፍሉ ለሁለት ቢከፈል የግቢው ገቢ በግማሽ ያድጋል፤ ዳግመኛ ወደ ሰው ቤት ላለመሄድ ደግሞ ከዚህ ኪራይ በቀር ተስፋ አልነበራትም።

የቅሬው ዳኛ አቶ ሞላ ሰዎቻቸውን ይዘው መጡ። አልተከራከሩም፤ ዕቃውን ያወጡ ጀመር። ለመክፈያው ግድግዳ ሲሚንቶ የሚያቦካው ግንበኛ ረመዳን ሳቀ።

«ምን ይደረግ ጋሽ ሞላ! ሬሳ ኪራይ አይከፍል!»

«አንተን ግን እናስከፍልሃለን፤ ክብደትህ የሁለት ሰው ነው።»

በመጨረሻ ቃሬዛው ወጣ። ከመሸከሚያ እንጨቶቹ አንዱ አዲስ ነበር።

«ይኼኛው ለምን ተቀየረ?» አለች ፈርሂያ።

«አባትሽን ይዘን ስንሄድ ተሰበረ። ክረምት ነበር፤ ጭቃው አያስረግጥም። ጫፉን በትከሻዬ ደግፌ ከመቃብሩ አደረስናቸው።»

«ለእኔ ማንም አልነገረኝም፣ ጋሽ ሞላ።»

«ለሰደቃው ገንዘብ ላክሽ፣ ልጄ። ሌላውን አልጠየቅሽንም።»

በዚያ ዓመት ከጅዳ የላከችው ገንዘብ ለሰደቃው በሬ በቅቶ ነበር፤ የልጅ ግዴታዋን በዚያ የፈጸመች መስሏት ኖራለች። አባቷን የተሸከመው ግን ገንዘቧ አልነበረም።

«እህቴ፣ የተቦካ ሲሚንቶ አይጠብቅም፤ ግድግዳውን ልጀምር?» አለ ረመዳን።

ፈርሂያ ባዶውን ክፍል አየች። ወለሉ አፈር ነው፤ እርጥበቱ የአግዳሚዎቹን እግር በልቶታል።

«ግድግዳውን ተወው። ወለሉን ሥራበት።»

«የማንን ወለል?»

«የቅሬውን።»

«የሁለት ቤት ኪራይ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

አቶ ሞላ፣ «ወለሉ እስኪደርቅ ዕቃው የት ይደር?» አሉ።

ድንኳኑን የሚያሳድር ጎረቤት አይጠፋም፤ ቃሬዛ ግን ሞት ይጠራል ተብሎ ስለሚፈራ፣ በደጁ የሚያሳድረው በዚያ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም። ፈርሂያ ጎንበስ ብላ አዲሱን እንጨት ያዘች።

«በእኔ ደጅ» አለች። «በዚያ በኩል ያንሡልኝ።»