በሠርጉ ቪዲዮ ውስጥ ያለው ጊታር

ሌባ የሰረቀውን ሙዚቃ ምን ብሎ ያዘገየዋል? የእህቴን የፀደይን የሠርግ ቪዲዮ ደጋግሜ ወደ ኋላ እየመለስሁ ራሴን የጠየቅሁት ይህንን ነበር።

ስትዳር እኔ ቡዳፔስት ነበርሁ፤ ጎንደር የተመለስሁት በሁለት ሺህ ሰባት ነው። ቪዲዮው ላይ ሚዜዎቹ ቁስቋም ያለው ቤታችን በር ላይ ደርሰው የኛ ወገን በሩን ይዞ ሲገፋቸው ይታያል። ከጀርባ የሚሰማው ጊታር የእኔ ነው። ልጅ ሆነን ከጓደኛዬ ከኢልያስ ጋር ፕሌይስቴሽን ቤት ስንውል፣ የመጨረሻውን ጠላት ስንገጥም የሚመጣ ዜማ ነበር። ኋላ ያንን ሜታል ወደሚሉት ጩኸታም ሮክ ለወጥነው፤ ጊታሩን እኔ ቡዳፔስት ቀዳሁ፣ ከበሮውን እሱ ጎንደር በኮምፒውተር ሠራ። አንድ ቀን በሁለታችን ስም ልናወጣው ተስማምተን ነበር። ቅጂው ከእሱና ከእኔ በቀር ማንም እጅ የለም።

አሁን ግን ሌላ ነገር ሆኗል። በደቂቃ መቶ ሰማንያ ይመታ የነበረው ወደ ግማሽ ወርዷል፤ የዜማው ከፍታ፣ ቶኑ፣ ከኢ ማይነር ወደ ዲ ዝቅ ብሏል፤ ከበሮው የለም። የውጊያ ሙዚቃ የነበረው ለቅሶ ቤት የሚሆን መስሏል። ኢንተርኔት ላይ የሰው ሥራ የሚሰርቁም እንዳይታወቅባቸው ፍጥነቱንና ቶኑን ይለውጣሉ። ቪዲዮው ሲያልቅ የዲኮር ሠሪው፣ የሹፌሩ፣ ጄኔሬተር ያከራየው ሰውዬ ሳይቀር ስማቸው ይወርዳል። የእኔ የለም።

ኢልያስን በአባቱ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ አገኘሁት። አክስቱ እትዬ ሐዲጃ ለደንበኞች ጨርቅ ይለካሉ።

«ሙዚቃችንን ለማን ሸጥኸው?» አልሁት።

ሳቀ። «ደህና አደርህ ማለት ቀረ?»

«የፀደይ ቪዲዮ ላይ ሰማሁት። ለዋውጠኸዋል። እንዳይታወቅብህ ነው?»

«እንዳይታወቅብኝ?»

«ይኼ የሌባ ሥራ ነው።»

ደንበኞቹ ዞር ብለው አዩን። እትዬ ሐዲጃ ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። «ምነው ዳኛው! ፈረንጅ አገር የሚያስተምሩት ሰው መጠርጠር ነው እንዴ?»

ኢልያስ የተዘረጋውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረ። «ቪዲዮውን ያቀናበረው አድማሴ ነው። ኮላ ድባ ከተማ ፎቶ ቤት አለው፤ እሱን ጠይቀው» አለ። ቀና ብሎ አላየኝም። ይህም አልተዋጠልኝም፤ ንጹሕ ሰው ይቆጣል እንጂ ጨርቅ አያጥፍም።

በማግስቱ ኮላ ድባ ወረድሁ። አድማሴ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ ብዬ ጀመርሁ፤ ስለ በሩ ሙዚቃ እንዳነሳሁ ቀደመኝ።

«ኧረ ያ ሙዚቃ! መጀመሪያ ኢልያስ የሰጠኝን እንዳለ አስገብቼው ነበር። እናትህ አይተው ‹ልጆቹ ሲደባደቡ ነው እንዴ የቀረጻችኋቸው?› ብለው ጮሁብኝ። የሙሽራው ወገኖችማ ተቀየሙ። እውነትም ጠብ ነበር የሚመስል። ኢልያስ መጣና እዚች ወንበር ላይ ተቀምጦ ከበሮውን አወጣው፤ አዘገየው፤ ዝቅ አደረገው። አሁን ሸጋ አልሆነም?»

«ለምን ሌላ ሙዚቃ አላስገባችሁም?»

«እኔም እሱን አልሁት። እንቢ አለኝ። ‹በሩን መያዝ የነበረበት ወንድሟ ነው፤ እሱ ከሌለ እጁ እንኳ ይኑርበት› አለ።»

«ስሜስ?»

አድማሴ ሳቀ። «ልጽፈው ነበርኮ። ‹ተው፣ እናቱ ኢንጂነሪንግ የሚማር ነው የሚመስላቸው፤ የጊታር ገመድ ሲነካካ መክረሙን ካወቁ አለቀለት› አለኝ።»

በሚኒባስ ስመለስ፣ አዘዞ ልንደርስ ስንል፣ ኢልያስ ያወጣው ከበሮ የራሱ እንደነበር ገባኝ። የራሱን አጥፍቶ የእኔን አስቀርቷል። ስልኬን አውጥቼ «ይቅርታ አድርግልኝ» ብዬ ጻፍሁለት።

ከመላኬ በፊት ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ኢልያስ ቀድሞ ደውሎለት ቢሆንስ? አድማሴ ጥያቄዬን እንኳ ሳልጨርስ ነበር የመለሰልኝ። መልሱ ሁሉ እንደ ተጠና ነገር ይፈስስ ነበር። የጻፍሁትን አጠፋሁ።

«አድማሴ የነገረኝ እውነት ነው?» ብዬ ላክሁለት።

ወዲያው ከፍቶ አነበበው፤ የላክሁበት ቫይበር «ታይቷል» ይላል። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።