ከነብሩ ሥር ያለው ቃል

ይህ ታሪክ እውነት ነው። እንደው ዝም ብሎ እውነት ሳይሆን፣ ቆንጥጣችሁ ብታዩት «እህ!» የሚል እውነት ነው። አንዲት ጠብታ ውሸት ከተገኘችበት የጻፈው እጅ ይሰለል፣ ያወራው ጥርስ ይርገፍ፣ ቀለሙም ወደ ጠርሙሱ ይመለስ። ከዚህ በላይ መሐላ የሚፈልግ አንባቢ ካለ ራሱ ይጨምርበት።

ሰውየውን ሁሉም ነጎድጓድ ይለዋል። ብረት ቀጥቃጭ ነው። መዶሻውን ብረት መቀጥቀጫው መስፍ ላይ ሲያሳርፍ ከመንገድ ማዶ ያሉ ብርጭቆዎች መደርደሪያቸው ላይ ይጨፍሩ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሰዓት መግዛት የተወው በእሱ ምት እየቆጠረ ነው። ድምፁም ከመዶሻው አያንስም፤ «እንዴት አደራችሁ» ሲል ያልነቃው ይነቃል፣ የታመመውም ፈርቶ ይሻለዋል። ሌላውን ሰው «እሳት የላሰ» ይሉታል፤ እሱን ግን እሳቱ ራሱ ሲልሰው ኖሮ ቅንድብ የሚባል አላስቀረለትም።

መሮም ይሠራል፣ ጉጠትም ይሠራል፤ መዶሻው ግን ሌላ ነው። ከአሮጌ የጭነት መኪና ሻፍት ይቆርጣል፣ ያግላል፣ ይቀጠቅጣል፣ ውሃ ያጠጣል። ከእጁ የወጣውን መዶሻ ድንጋይ ገና ከሩቅ ሲያየው ይሰነጠቃል። አንድ ግንበኛ ሞቶ ልጆቹ ቤቱን ትተው በመዶሻው ተካሰዋል፤ ዳኛውም መዶሻውን ካየ በኋላ ለራሱ ሊፈርድ ምንም አልቀረው።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

«ስንት ነው ይሄ?» ይላል ገዢ፣ መዶሻውን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

ነጎድጓድ ዋጋውን ይነግረዋል።

«ኧረ በሕግ! የአገር ውስጥ እኮ ነው፣ ጋሼ!»

«እና የአገር ውስጥ እሳት አያቃጥልም? የአገር ውስጥ ከሰል በነፃ ነው የሚሰጡኝ? ይቺ ክንድ ሳር በልታ ነው የምታድረው?»

«ማዶ የውጩ በግማሽ ዋጋ አለ። ያብለጨልጫል። ነብርም አለበት።»

«እንግዲያ ሂድና ነብሩ ይሥራልህ!»

ገዢውም ይሄዳል። ማዶ ማለት የባለሱቁ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ባዕድ አይደለም፤ የነጎድጓድ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ገና በጠዋቱ ስለሞተችባቸው፣ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ያኔ ከጀርባዋ አልወርድም ብሎ ያለቀሰው ልጅ ዛሬ ከውጭ የመጣ መሣሪያ በካርቶን በካርቶን ያስወርዳል። መዶሻዎቹ መስታወት ይመስላሉ፤ ጉንጫቸው ላይ የነብር ሥዕል ያለበት ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ብዙም ሳይሠራባቸው ግን አንገታቸው ይላላል፣ ራሳቸው በሮ ጎረቤት ግቢ ያርፋል። ያን ጊዜ ባለቤቱ በሮጠ እግሩ ወደ ነጎድጓድ ይመጣል፤ ነጎድጓድም እየተሳደበ እጀታው ጫፍ ላይ ሽብልቅ ይመታለታል። የሽብልቁ ክፍያ «እግዜር ይስጥልኝ» ነው። እግዜር የተባለውን ሁሉ ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ነጎድጓድ ዛሬ ሰማይ ቤት ሕንፃ ያከራይ ነበር።

አንድ ቀን ባለሱቁ ነጭ ሸሚዙን ከከሰሉ እያሸሸ ወደ ወናፉ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ አትቀየመኝና፣ አንተ እኮ ደንበኞችህን በገዛ እጅህ ነው የምትጨርሳቸው።»

«እንዴት አባህ?»

«ያንተን መዶሻ የገዛ ሰው መች ተመልሶ ይመጣል? የኔን የገዛው ግን በየጊዜው ይመጣል። ሰው መዶሻ አይገዛም፤ ርካሽ ነው የሚገዛው። ይልቅ እስከ መቼ ጭስ ትውጣለህ? ና፣ ሱቄ በር ላይ ቁጭ በል። ጥበቃ እፈልጋለሁ። ኮት አሰፋልሃለሁ፤ ሙሉ ቁልፍ ያለው።»

ነጎድጓድ ጉጠቱን ወረወረ። «ያንን ኮት የምለብሰው መስፌ ላይ ሣር ሲበቅል ነው!»

«ተው አንተ ልጅ፣ አታናደው» አለች ሚስቱ ከጓዳ፤ ግን ሳቋ ይሰማ ነበር። ወንድሟ ምንም ቢያደርግ ለእሷ ገና ከጀርባዋ አልወረደም።

እውነቱን ለመናገር (ሌላውም እውነት ነው) በዚያ ሰሞን ወናፉ ከሚነፋበት ቀን የሚያርፍበት ይበዛ ነበር። ብርጭቆዎቹም ከጨፈሩ ቆይተዋል። እንዲህ እያለ ነው ከሰፈሩ ጫፍ ትልቅ ሕንፃ ሊሠራ የሆነው፤ ሲያልቅ ደመናን ያንኳኳል የተባለለት። ፎርማኑ ለድንጋይ ጠራቢዎቹ ሁሉ መዶሻ እንደሚገዛ አስወራ። የነጎድጓድንም የባለሱቁንም አምጡልኝ፣ ፈትኜ ከተሻለው እወስዳለሁ አለ። ሁሉንም ከነጎድጓድ ከወሰደ እሳቱ ዳግም ይነድዳል፤ ካልወሰደ ግን ነገሩ አጭር ነው። ወይ መዶሻ፣ ወይ ኮት።

ነጎድጓድ ፈተናውን አልፈራም። የፈራው ሌላ ነው። ፎርማኑ ፊደል አምላኪ ነው ብለውታል፤ ብረት ላይ የውጭ ፊደል ካላየ ብረት አይመስለውም። ራሰ በራ ብረት ይዞ ፊቱ መቆም፣ ራቁት ለሠርግ እንደ መሄድ ነው።

ሲያስብ ሲያስብ ዓይኑ ሽብልቅ ሊመታለት ከመጣ የውጭ መዶሻ ላይ አረፈ። ነብሩን በጥፍሩ ገፈፈው። ወረቀቱ ሥር፣ ብረቱ ላይ፣ ደቃቅ የውጭ ፊደላት ተቀርጸው ተገኙ።

«ነይ እስቲ!» ብሎ ሚስቱን ጠራ። ሚስቱ ጥልፍ ጠላፊ ናት፤ እሷ የጠለፈችው አበባ ላይ ንቦች ተቀምጠው አፍረው ሄደዋል። «ይቺን እንዳለች ወረቀት ላይ ገልብጪልኝ።»

«ምን ይላል?»

«እኔ ምን አውቄ! ደህና ነገር ነው የሚለው። ማን በገዛ ብረቱ ላይ ክፉ ይጽፋል?»

ሚስቱ አጎንብሳ ጀመረች። «ይቺኛዋ ሆዷ ገፍቷል፤ ይቺ ደግሞ አንድ እግሯን ሰቅላለች... ነብሩንስ ልጨምርልህ?»

«ነብሩ ይቅር። ነብሩ እኔ ነኝ።»

ከወረቀቱ ላይ ማኅተም ቀረጸ። መዶሻዎቹን አንድ በአንድ እያጋለ ጉንጫቸው ላይ አተመው። ፊደሎቹ እንዲህ አምረው አያውቁም፤ የፈለሰፋቸው ሕዝብ ቢያይ ከእሱ ይገለብጥ ነበር። ነጎድጓድ ራሱ ማንበብ ሳይችል እያገላበጠ አያቸው፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ መዶሻው ትንሽ አስፈራው።

የፈተናው ቀን አገር ሁሉ ሱቁ ፊት ለፊት ባለው ግቢ ተሰበሰበ። ሁለቱ ዓይነት መዶሻ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተደረደረ። የጠራቢዎቹ አለቃ መጀመሪያ የውጩን አነሣ፤ መታ፤ መዶሻው ነጥሮ ከእጁ አመለጠ፣ ድንጋዩም ሳቀበት። ቀጥሎ የነጎድጓድን አነሣ። አንድ ጊዜ ነካ ቢያደርገው ድንጋዩ እንደ ትኩስ ዳቦ ለሁለት ተከፈለ፤ «ይቅርታ» ሲልም የሰሙ አሉ።

«ውድ ነው፤ ግን ይገባዋል» አለ ፎርማኑ። ነጎድጓድ አየር ሳበ፤ በግቢው የቀረ አየር አልነበረም። ፎርማኑ መዶሻውን ተቀብሎ ጉንጩን በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገ። መነጽሩን አወጣ።

«ፎ... ፎር... ፎርጅድ?»

ግቢው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ፎርጅድ ምን እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ፎርጅድ መታወቂያ፣ ፎርጅድ ዲፕሎማ፣ ፎርጅድ ጫማ፤ የውሸት የውሸቱ!

«ሌባ ራሱ ፈርሞ ሲመጣ ዛሬ አየሁ!» አለ አንዱ።

«ኧረ ሐቀኛ ነው፤ ፎርጅድ ነው ብሎ እኮ ነው የሚሸጠው!»

«ነጎድጓድ፣ ዝናቡም ፎርጅድ ነው እንዴ?»

የተከፈለው ድንጋይ እዚያው ፊታቸው ተኝቷል፤ ማንም አላየውም። ዓይን ያየውን ጆሮ ሻረው።

«አባቴ» አለ ፎርማኑ መዶሻውን እያስቀመጠ፣ «የአገር ውስጥ ነው ብለው ቢሸጡልኝ ምን ነበረበት? አታለው ከሚሸጡ ሰው ጋር አልሠራም።» ወደ ባለሱቁም ዞረ። «ኦርጅናሉን ስጠኝ።»

ባለሱቁ እጁን አጣምሮ መሬት መሬት ያያል።

እንግዲህ ነጎድጓድ የነጎደው እዚህ ላይ ነው! «ዝም በሉ!» ሲል ወፎች ከሽቦ ላይ ረገፉ፣ የሕንፃው መሠረት ሳይቆፈር ተቆፈረ። የውጩን መዶሻ ከጠረጴዛው ላይ ላፍ አደረገ። ጥፍሩን በወረቀቱ ጠርዝ አስገብቶ ነብሩን ከነቆዳው ገፈፈው፤ ነብሩም ጮኸ። ሥሩ ያው ፊደል፣ ያው ቃል!

«አንብብ!»

የፎርማኑ ላብ ጠብ አለ። «ፎ... ፎርጅድ።»

ያን ጊዜ ባለሱቁን ኅሊናው እንደ ቁንጫ ነከሰው። ወደ ፊት ወጥቶ ለሕዝቡ ተናገረ፤ «ወገኖቼ፣ ቃሉ በተወለደበት አገር ትርጉሙ ሌላ ነው። በእሳት ግሎ፣ ተቀጥቅጦ የተሠራ ማለት ነው። የውሸት የሆነው እኛ ዘንድ ሲደርስ ነው። እኔ የማስመጣው ደግሞ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው፤ የጻፉበት ለወጉ ነው። ቃሉ እውነት የሆነው በጋሼ መዶሻ ላይ ብቻ ነው!» አለና አለቀሰ፤ እንባውም ጎርፍ ሆኖ የሕንፃው አሸዋ ተወሰደ። ነጎድጓድ በመዶሻው የውጩን አንዴ ቢለው እንደ ብስኩት ተፈረካከሰ። ፎርማኑ የነጎድጓድን መዶሻ ሁሉ ጠራርጎ ገዛ፤ ሕዝቡ ነጎድጓድን በትከሻው ተሸክሞ አዞረው፤ እስካሁንም አላወረዱትም የሚሉ አሉ።

ዛሬ በዚያ ሱቅ በር የሚያልፍ ሰው ነጎድጓድን ሙሉ ቁልፍ ባለው ኮት ተቀምጦ ሊያየው ይችላል። ይህ ማንንም አያሳስት። ድል የጠገበ ሰው የትም ይቀመጣል። ኮቱም ለብርድ ነው። መስፉ ላይ ሣር በቅሏል የሚሉም አሉ፤ ሣር እንደሆነ የትም ይበቅላል።

ይህ ሁሉ ቃል ሳይጎድልበት ለሚስቱ ተነበበላት። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የትራስ ጨርቅ ትጠልፍ ነበር። ወፎቹ ሲረግፉ ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላ ግን ፊቷ አልተነቃነቀም። ሲያበቃ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ያምራል» አለች። «ድንጋዩም ተከፍሏል፤ እሱ እውነት ነው። ነብሩን ግን ያን ዕለት አልገፈፈውም።»

ድምፅዋ ለመርፌው የምትነግረው ይመስል ዝቅ ያለ ነበር።

«መዶሻውን አንሥቶ ጥፍሩን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አሳርፎ ነበር። ቀና ብሎ እኔን ፈለገኝ። እኔ ከወንድሜ ኋላ ነበርኩ። ያ ወረቀት ቢነሣ፣ የሱቁ ዕቃ ሁሉ ፎርጅድ ነው ተብሎ የዚያኑ ዕለት ይዘጋ ነበር። አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው። ራሴን ወዘወዝኩ፤ ትንሽ፣ እንዲህ። እሱም መዶሻውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ‹አዎ፣ ፎርጅድ ነው› አላቸው። እናንተ ነጎደ ትላላችሁ፤ ለኔ እንኳ በግድ ነው የተሰማኝ።»

ጨርቁን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«ወንድሜም አላለቀሰም። ትርጉሙን ከመጀመሪያው ያውቀው ነበር። ለኔ የነገረኝ ኮቱን ይዞ የመጣ ዕለት ነው፤ እየሳቀ።»

ለባለቤቷስ ነግራው እንደሆነ ተጠየቀች።

ከመንገዱ ማዶ፣ ሱቁ በር ላይ፣ ነጎድጓድ ኮቱን እንደለበሰ አጎንብሶ የአንድ ገዢ መዶሻ ላይ ሽብልቅ ይመታ ነበር። ነብሩ ገና አልተላጠም። ምቱ ኮቱን እንዳያቆሽሽበት የፈራ ሰው ምት ነው፤ እዚህ የደረሰው ጠብ ጠብ ብቻ ነው።

«እሱ እስከ ዛሬ በገዛ እጁ ‹ውሸታም› ብሎ የጻፈ ይመስለዋል» አለች፣ አዲስ ክር በመርፌው ዓይን እያሾለከች። «ይሄን ለሱ አታንብቡለት።»