ቀጣዩን ቤት ጠይቁ

ቤተሰቧ አጥኚዋን «ቁጥሬ» ይላታል። ሰው ታመመ ሲሏት እንኳ «ከመቶ ስንቱ?» ብላ የምትጠይቅ ጉደኛ ናት። የዚያን ቀን ግን ከማለዳው ጀምሮ እግሯ አላርፍ አላት። ከሰዓት በኋላ ሹማምንቱ ፊት ቀርባ፣ የሰፈሩ የማታ ክሊኒክ ተጠቃሚ ስለሌለው ይዘጋ የሚለውን ጥናቷን ልታቀርብ ነው። ደጋግማ ብታሰላውም ውጤቱ ያው ነው፤ ታዲያ ምን አቁነጠነጣት?

እስቲ ልቤ ቢረጋልኝ ብላ ታናሽ እህቷ ቤት ጎራ አለች። በሩ ዝግ ነው። ለካ እህቷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውላ የምትገባው ሲመሽ ነው! ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፣ ቀልቧ ከእሷ ጋር ስላልነበረ እንጂ። መልእክት ልትተው ቀጣዩን በር አንኳኳች፤ አንዲት ጡረተኛ ብቅ አሉ።

«አሁንም ለጥናት ነው?» አሉ የያዘችውን ወረቀት አይተው እየሳቁ። «ባለፈው የመጡት ልጆች እዚያ ጎረቤቴ ቤት አንኳኩና ሰው ሲያጡ ወደኔ ዞሩ። እኔ ምን ቆርጦኝ በማታ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ልጄ? ጠዋት ነው የምሄደው አልኳቸው።»

ቁጥሬ ክው አለች። «በሩ ከተዘጋ ቀጣዩን ቤት ጠይቁ» የሚለውን መመሪያ የጻፈችው ራሷ ናት፤ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅላት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው! ቀን ቤቱ የሚውለውን ሁሉ ጠይቃ፣ ማታ ብቻ መታከም የሚችለውን በዝግ በሩ አልፋዋለች። የእህቷ ልጅ አስሙ ሲነሳበት የሚወሰደው እኮ እዚያው ክሊኒክ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ተራዋ ሲደርስ ወረቀቱን አልገለጠችም። «ጥናቱ ተሳስቷል፤ ያሳሳትኩትም እኔው ነኝ። በማታ እንደገና እንጠይቅ» አለች።

አለቃዋ ፊታቸው ተለዋወጠ። «በገዛ እጅሽ ስምሽን ልታጠፊ ነው?»

«ይጥፋ ጌታዬ። ክሊኒኩ ከሚጠፋ የኔ ስም ይጥፋ።»

ሰብሳቢው አጉረመረሙና አንድ ሳምንት ሰጧት።

በዚያው ምሽት መጀመሪያ የእህቷን በር አንኳኳች። እህቷ ካፖርቷን ሳታወልቅ ከፈተችላት፤ ከውስጥ ልጁ ይስላል።

«እትዬ! ምነው፣ በደህና ነው?»

«ለጥናት ነው። ባለፈው በቀን መጥተን አጣንሽና... በአንቺ ፋንታ ጎረቤትሽን ጠየቅን።»

«ቀን ቀን እንደማልኖር አንቺ ታውቂ የለም እንዴ?»

ቁጥሬ እንባዋ አላስነብብ ብሏት የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ቆመች።

«በይ ግቢና ጠይቂኝ» አለች እህቷ፣ እጇን ይዛ እየሳበች። «በሩን ከፍተን ስንቆም ብርዱ ልጁን ያስለዋል።»