የታጠነው ጀሪካን

ለገላነሽ ሰርግ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ለቅቤ የተጠራቀመ የአምስት ቀን እርጎ መሬት ላይ ፈሰሰ። እናቷ ይታይሽ ቆማ አየችው። ያለ ቅቤ የሚቀርበው ወጥና የአማቾቿ ፊት አብረው ታዩዋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ አድማሴ ከወረታ ገበያ ቢጫ የፕላስቲክ ጀሪካን ገዝቶ መጣና፣ «ዘመኑ የዚህ ነው» ብሎ የመግፊያ ቅሏን ሐሙሲት ላለች እህቱ ሰጠባት። ቅሏን! ሳያማክራት! እሷም በሆዷ እየረገመችው፣ ዕቃ ሳይታጠን ወተት አይገባበትምና፣ ቁርጥራጭ የወይራ ፍም በጀሪካኑ አፍ ጨምራ፣ ክዳኑን ገጥማ ናጠችው። ሽታው አስጠላት እንጂ ሌላ አልጠረጠረችም። እርጎውን ሞልታ ብድግ ስታደርገው ቂጡ ተዘረገፈ።

የቀለጠውን ጀሪካን አንጠልጥላ ሜዳውን አቋርጣ ወረታ ገባች፤ ከነጋዴው ከመሐመድሰዒድ ሱቅ ደጃፍ ወረወረችው።

«ሌባ! ሰም ነው የሸጥህልን?»

መሐመድሰዒድ ጀሪካኑን አገላብጦ አየና ራሱን ያዘ። «እመት ይታይሽ፣ እሳት አስገባሽበት? ይህ እኮ ቅል አይደለም። ባሕር ማዶ ፋብሪካ ውስጥ ነዳጅ ሲጣራ ጋዝ ይወጣል፤ ያንን ጋዝ አምቀው፣ አግለው ነው ዕቃ የሚያደርጉት። እሳት ካየ ወደ እናቱ ነው የሚመለስ። ለአድማሴ ሦስት ጊዜ ነገርሁት፤ ሰው ፊት ‹አውቃለሁ፣ አውቃለሁ› አለኝ።»

ይታይሽ ጀሪካኑን አንስታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቁጣዋ ግን አልበረደም፤ አቅጣጫ ቀየረ እንጂ። ያላወቁ አለቁ ይባላል፤ እያወቀ ዝም ያለውስ ምን ይባላል?

ቤት ስትደርስ አድማሴ የነጋዴውን ሌብነት ለጎረቤት እያወራ፣ ዱላውን ይዞ ይፎክራል። ወንድነቱ ገና አሁን ትዝ ብሎት!

«ቁጭ በል» አለችው። «ሰውየው ጀሪካኑ እሳት አይወድም ብሎሃል። ለምን አልነገርኸኝም?»

አድማሴ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ጋዝ እንዴት ዕቃ እንደሚሆን አልገባኝም» አለ በመጨረሻ። «ብትጠይቂኝ ምን ልልሽ ነው? አፈርሁ።»

«እና ልጄን በአንተ እፍረት ልዳራት?» አለችው። «አልገባኝም ብለህ የሰማኸውን እንዳለ ብትነግረኝ፣ እኔ ይገባኝ ነበር።»